ይድረስ ለጤና ኃላፊዎች፦ የላብራቶሪ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ፈንገስ የሚል ሳጥን የለም

የጤና ተቋማትን ለምትመሩ፣ የመድኃኒት ግዢ ዝርዝር ለምታጸድቁ፣ የጤና ባለሙያ ለምታሰለጥኑ ሁሉ

ግልባጭ፦ ለዓመታት አልድን ያለ ቁስል ይዛችሁ ለምትንከራተቱ

ክቡራን፣

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ውሎዬ ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ ናሙናው እንጂ ሰውየው አይደለም። ቁጥር የተለጠፈበት ብልቃጥ ይመጣል፤ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያደረጉኝ ግን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ያነጋገሩኝ አንድ አባት ናቸው።

ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ገበሬ ናቸው። ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ አጋማሽ ድረስ ሻካራ፣ ስንጥቅጥቅ ባለ፣ አበባ ጎመን በመሰለ እብጠት ተሸፍኗል። ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ልጄ፣ ብዙም አትጠጊኝ፤ ይሸታል» አሉኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ እዚህ የተቀመጥኩት ለዚሁ ነው» አልኳቸውና ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ።

መቼ ጀመረዎት አልኳቸው። 11 ዓመት አሉ። ምን ነካዎት ስላቸው አላመነቱም። «እሾህ ነው» አሉ። እርሻ ላይ ወጋቸው፤ ነቅለው ጣሉትና ረሱት። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቀይ እብጠት ወጣች። አታምም። ቆይታ እንደ ኪንታሮት ሻከረች። ከዚያ ቀስ እያለች ሰፋች። ስለማታም ሥራቸውን አልፈቱም። «ቢያመኝ ኖሮ ቶሎ እመጣ ነበር» አሉኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በሽታው የሚያታልለው በዚህ ነው።

በነዚህ 11 ዓመታት ያላንኳኩት በር የለም። ቅባት ተሰጥቷቸዋል። የአንቲባዮቲክ መርፌ ተወግተዋል፤ እሱ አልሠራ ሲል ሌላ አንቲባዮቲክ ታዞላቸዋል። አንዱ ጋ ቁንጭር ነው ተባሉ። ሌላው ጋ የቆዳ ቲቢ። አንዴ ሥጋ ደዌ ሳይሆን አይቀርም ተብለው ከሰው ተለይተው ከርመዋል። እግሩ ይቆረጥ ያላቸውም ነበር። ከላዩ ትንሽ ፍቆ ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እብጠቱን በመብራት ጠጋ ብዬ አየሁት። ሻካራው ገጽ ላይ እዚህም እዚያም በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ የተደረጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ላየ ሰው ቆሻሻ ይመስላሉ። አይደሉም። ሰውነት ውስጡ የገባውን ባዕድ ነገር በቆዳው በኩል እየገፋ ሲያስወጣ ላዩ ላይ የሚቀሩ የደረቀ ደምና የፈንገስ ሕዋሳት ናቸው። ናሙና የሚወሰደው ከእነሱ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ከጎን ፍቆ ምንም ሳያገኝ «የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

በምላጭ ጫፍ ሦስት አራቱን ነጠብጣቦች ፋቅ ፋቅ አድርጌ ስላይድ ላይ አኖርኩ። አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመርኩበት፤ እኛ በአጭሩ ፖታሽ እንለዋለን። በስሱ መስታወት ሸፈንኩት። ከዚያ መጠበቅ ነው። ፖታሹ የቆዳውን ቅርፊት ያሟሟዋል፤ ፈንገሱን ግን አይነካውም። ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። አባባ በዚያች ሩብ ሰዓት ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። እኔ ግን ልቤ ስላይዱ ላይ ነበር።

በ40 ሌንስ አየሁ። ክብ ክብ፣ ቡናማ ሕዋሳት። ግድግዳቸው ወፍራም ነው። አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ በአንድ መስመር ተከፍለዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በመስቀል አራት ቦታ። ምንም ቀለም አልጨመርኩባቸውም። ቡናማነቱ የራሳቸው ነው። የሙያችን መጻሕፍት «የመዳብ ሳንቲም» ይሏቸዋል፤ በእርግጥም የተበተነ ሳንቲም ይመስላሉ። ስፋታቸው ከ5 እስከ 12 ማይክሮሜትር ነው፤ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ይቀራረባሉ። እነሱ ከታዩ ወዲያ ክርክር የለም። ክሮሞብላስቶማይኮሲስ የተባለው የቆዳ ፈንገስ በሽታ መለያ ናቸው።

አባባ 11 ዓመት ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ በአንድ ጠብታ ፖታሽ ተመለሰ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ታሪካቸውን ለማሟላት የቆየውን መዝገብ አገላበጥኩ። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት የእሳቸው ናሙና እኛው ጋ መጥቶ ነበር። መጠየቂያው ወረቀት ላይ ምልክት የተደረገው «ባክቴሪያ» የሚለው ሳጥን ላይ ነው። ባክቴሪያ በሚለይበት በግራም ቀለም ታይቷል። ካልቸር ተደርጓል፤ ማለትም ሳህን ላይ እንዲበቅል ተቀምጧል። በ48 ሰዓት ውስጥ «በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል፤ ሳህኑም ተጥሏል። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

እነዚህ ፈንገሶች ሳህን ላይ በደንብ ለመብቀል ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔ በሁለት ቀን ጣልኳቸው። የተጠየቅኩትን ሠርቻለሁ፤ ስህተት ጻፍሽ የሚለኝ የለም። ግን ያቺ ወረቀት ያባባን ሁለት ዓመት በልታለች። ወረቀቱ ላይ «ባክቴሪያ» የሚል ሳጥን አለ፤ «ቲቢ» የሚል አለ፤ የጥገኛ ተውሳክ ሳጥን አለ። ፈንገስ የሚል የለም። ሐኪሙ ያላየውን ሳጥን አይሞላም። እኔም ያልተጠየቅኩትን አላየሁም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር ይህ ነው። ከወር በላይ የቆየ፣ የማያም፣ ኪንታሮት የሚመስል ወይም ቅርፊት ያለው የቆዳ እብጠት ይዞ የመጣ ሰው ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ከመታዘዙ በፊት እብጠቱ ተፍቆ በፖታሽ ይታይለት። ይህ በየትኛውም ማይክሮስኮፕ ባለበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሥራ ነው። ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ብልቃጥ ፖታሽ፣ ምላጭ፣ ስላይድ፣ እና ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ዓይን ነው። (ፖታሹን በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡት፣ ክዳኑንም ጥብቅ አድርጉት። መስታወት ይበላል፤ አየር ከገባበትም ኃይሉን ያጣል። ሥራ ላይ ያልዋለ ፖታሽ ስንት ቦታ ተበላሽቶ እንዳገኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።)

አንዳንዶቻችሁ ይህ ብርቅዬ በሽታ ነው፣ ለብርቅዬ በሽታ ወረቀት አንቀይርም ትሉ ይሆናል። እስቲ ስለ በሽታው ትንሽ ላውራችሁ።

አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 አሌክሳንድሪኖ ፔድሮሶ የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም አይቶታል። በ1914 እዚያው ብራዚል ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ማክስ ሩዶልፍ ስለ በሽታው የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳተመ። በ1915 ደግሞ ሜድላርና ሌን የተባሉ ሐኪሞች አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ያገኙትን ጻፉ። እነዚያ የመዳብ ሳንቲሞች እስከ ዛሬ «የሜድላር አካላት» እየተባሉ ይጠራሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ በሽታ ነው እንግዲህ። የሚታወቀው ግን በመጽሐፍ ነው። ታማሚው በሚሄድበት ቦታ አይታወቅም።

አምጪዎቹ ፈንገሶች አፈር ውስጥ፣ የበሰበሰ እንጨት ላይ፣ እሾህ ላይ ይኖራሉ። ዋናው ፎንሴሲያ ፔድሮሶይ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ያለበትን ቦታ ይወዳል። ሌላው ክላዶፊያሎፎራ ካሪዮኒ ደረቅና እሾሃማ በሆነ አካባቢ ይበዛል። ማዳጋስካር ውስጥ ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እርጥበታማው ሰሜን የፎንሴሲያ ነው፣ እሾሃማው ደረቅ ደቡብ የካሪዮኒ። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ሲነኳት ቅጠሏን ከምታጥፈው ተክል እሾህ ላይ ፎንሴሲያ ተገኝቷል። በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች ማዳጋስካር፣ ብራዚል፣ ቬንዙዌላ፣ ሜክሲኮ፣ ሕንድና ቻይና ይጠቀሳሉ። ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ተመዝግቧል።

የሚይዘው በአብዛኛው ባዶ እግሩን ወይም በክፍት ጫማ መሬት የሚሠራውን ሰው ነው። ገበሬ፣ እንጨት ቆራጭ፣ የቀን ሠራተኛ። እግርና እጅ ይበዛበታል። በንክኪ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ሁለቴ ብናገረው ደስ ይለኛል፤ አይተላለፍም። አባባን ከቤተሰባቸው ማዕድ የለየ አንድም የሕክምና ምክንያት አልነበረም።

የፈንገሱ ጠቆር ያለ ቀለም ከየት መጣ? ሜላኒን ነው። የእኛን ቆዳና ፀጉር የሚያጠቁረው ዓይነት ቀለም። ፈንገሱ ግድግዳው ውስጥ ይቀባዋል። ለፀሐይ ጨረር ጋሻ ይሆነዋል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚረጩበትን መርዝ ይከላከልበታል። አንዳንድ መድኃኒትም እንዳያጠቃው ያግዘዋል። ያ ቀለም ለእሱ መከታ ነው። ለእኔ ደግሞ ምልክት ነው፤ ያለ ምንም ማቅለሚያ እንዳየው ያደርገኛል። የሸሸገው ነገር ራሱ ያጋልጠዋል ማለት ነው። ፈልጎ ላየው ሰው ብቻ ግን።

ዝም ብሎ ሲተው ምን ያደርጋል? አይገድልም፤ ቶሎ አይገድልም። ቀስ ብሎ ይሰፋል። ባክቴሪያ ይደረብበታል፤ ሽታው የሚመጣው ያኔ ነው። የሊምፍ መስመሩ ተዘግቶ እግሩ እንደ ዝሆኔ ያብጣል። መገጣጠሚያው ይደርቃል። ብዙ ዓመት በቆየ ቁስል ላይ የቆዳ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ሰውየው ሥራ ይፈታል። ከሰው ይርቃል። ስለማይገድል ማንም አይቆጥረውም። ስለማይቆጠርም በጀት የለውም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር። ከ1914 ወዲህ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ላይ የተመዘገቡትን ታማሚዎች ለመደመር የሞከሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ወደ 7,700 ሰው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ፣ ለመላው ዓለም! አንዳንዱ ይህን አይቶ ጥቂት ነው ይላል። እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እነዚህ 7,700 ሰዎች ፍቆ የሚያይ ሰው ያገኙት ናቸው። አባባ እኔ ጋ እስከመጡባት ቀን ድረስ የትኛውም ቁጥር ውስጥ አልነበሩም። ለ11 ዓመት የታመሙ ሰው፣ በወረቀት ላይ ግን ጤነኛ።

የበሽታውን ዘመዶችም ላስተዋውቃችሁ፤ ያው አንድ ሳጥን ለሁሉም ይበቃልና።

አንዷ ቲኒያ ናይግራ ናት። መዳፍ ላይ፣ አንዳንዴም ውስጥ እግር ላይ የምትወጣ ቡናማ ወይም ጥቁር ጠፍጣፋ ምልክት። አታምም፣ አታሳክክም፣ አትነሳም። የምታመጣው ሆርቴያ ወርነኪ የተባለች ጨው የምትወድ ጥቁር ፈንገስ ናት። የምትኖረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ብቻ ነው። በፈንገስ ቅባት በሳምንታት ውስጥ ትጠፋለች። ግን ሜላኖማ ከተባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር ጋር ትመሳሰላለች። ስለዚህ ሰው ይደነግጣል፤ ከመዳፉ ላይ ቆዳ ተቆርጦ ለባዮፕሲ፣ ማለትም ለሥጋ ናሙና ምርመራ፣ ይሄዳል። ይቺንም አንድ ጠብታ ፖታሽ ትገልጣት ነበር። ልብ በሉ፤ አባባ ላይ የሆነው እብጠቱ ትንሽ ሳለ ተቆርጦ የሚወጣበትን ጊዜ ማሳለፍ ነው። እዚህ ደግሞ መቁረጥ የማያስፈልገውን መቁረጥ። ስህተቱ የተለያየ ነው፤ የጎደለው ግን ያው አንድ ስላይድ ነው።

ሌላው ፊዮሃይፎማይኮሲስ ይባላል። ስሙ ከባድ ነው፤ ከ1974 ወዲህ ነው የምንጠራው። ፈንገሱ ሰውነት ውስጥ በሳንቲም ቅርጽ ሳይሆን በጥቁር ክር መልክ ይገኛል። ኤክሶፊያላና አልተርናሪያ የሚባሉት ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው። ኩላሊት የተተካላቸው፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበረታል። ጣት ወይም እጅ ላይ ውኃ የቋጠረ የመሰለ ከረጢት ይሆናል። ቀዶ ሐኪሙ ተራ ከረጢት መስሎት ያወጣውና ሙሉውን ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ ይከተዋል። እዚህ ላይ ቀዶ ሐኪሞቻችንን እለምናለሁ። ፎርማሊን የገባ ፈንገስ ሞቷል፤ ሳህን ላይ አይበቅልልኝም። ግማሹን ሥጋውን ለሚመረምረው ለፓቶሎጂ ክፍል በፎርማሊን፣ ግማሹን ለእኔ በንጹህ ሳላይን (የጨው ውኃ) ላኩልኝ። ሁለት ብልቃጥ ነው፤ ሌላ አልጠየቅኩም።

ሦስተኛው ማይሴቶማ ነው። ይህ ክፉ ነው። እግር ያብጣል፣ ብዙ ቦታ ይቀዳደዳል፣ ከቀዳዳው መግል ጋር ጥቃቅን ፍሬዎች ይወጣሉ። ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ ከሆነ ፍሬዎቹ ጥቁር ናቸው፤ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ በሽታ ዓለም ከሚያውቀው ብዙው የተገኘው በ1991 ከተቋቋመው የካርቱም የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ነው። ፎስራቩኮናዞል የተባለው መድኃኒት ኢትራኮናዞል ከተባለው የፈንገስ መድኃኒት ጋር የተነጻጸረበት ጥናት የተሠራው እዚያ ነው፤ በየቀኑ ክኒን ከመዋጥ በሳምንት አንዴ። ያ ማዕከል በሱዳን ጦርነት ወድሟል። ለአሥርት ዓመታት የተሰበሰበ ናሙና አብሮ ጠፋ። ዜናውን ስሰማ እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው የተሰማኝ። ናሙና ለእናንተ ብልቃጥ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ብልቃጥ ግን እግሩን ዘርግቶ ያስፋቀ ሰው ነበረው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ ሁለተኛው ቅሬታዬ እዚህ ነው ያለው።

እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ ቀዶ ሐኪም ዙሪያውን ጨምሮ በንጹህ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ነገሩ በዚያው ሊያልቅ ይችላል። ግማሽ ግማሹን መፋቅና ማቃጠል ግን አይመከርም፤ ፈንገሱን ሊያሰራጨው ይችላል። ከሰፋ በኋላ ነገሩ ረጅም ነው። ኢትራኮናዞል በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ተርቢናፊን የተባለ ሌላ የፈንገስ መድኃኒትም ይሰጣል፤ አንዳንዴ ሁለቱ ይጣመራሉ። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝም ያግዛል። ሙቀትም ይረዳል፤ ፈንገሱ ከፍተኛ ሙቀት ስለማይችል በሽታው ያለበትን ቦታ በየቀኑ ማሞቅ ከመድኃኒቱ ጋር ተሞክሮ ለውጥ አምጥቷል። ሁሉም ትዕግሥት ይጠይቃል። የጉበት ምርመራ በየጊዜው መደረግ አለበት። ልባቸው ደካማ የሆነና ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኢትራኮናዞልን በ2017 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከምክንያቶቹ ውስጥ ክሮሞብላስቶማይኮሲስ በስሙ ተጠቅሷል። በዚያው ዓመት በሽታው ራሱ ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ገባ፤ ማይሴቶማ በ2016 ቀድሞት ገብቷል። እስከ 2030 የሚዘልቀው የድርጅቱ ፍኖተ ካርታ ውስጥም ሁለቱም አሉ። ስለዚህ አዲስ ሕግ አልጠየቅኳችሁም። የተፈረመበትን ነው የጠየቅኳችሁ። በ2022 ድርጅቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን የፈንገስ ዓይነቶች ዝርዝር ሲያወጣ ማይሴቶማ አምጪ ፈንገሶች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ የክሮሞብላስቶማይኮሲስ አምጪዎች ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህን የምታሻሽሉ ሰዎች ደብዳቤዬ ከደረሳችሁ እባካችሁ እንደገና እዩት።

አባባ ምን ሆኑ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል።

ሐኪማቸው ውጤቱን አይቶ ዕለቱኑ ኢትራኮናዞል ጀመረላቸው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ማይክሮስኮፔ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። በሁለተኛው ወር እብጠቱ መለሳለስ ጀመረ። በሦስተኛው ወር ሽታው ጠፋ። አባባ ሱሪያቸውን ሲሰበስቡ ፊታቸውን አላዞሩም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

በአራተኛው ወር መድኃኒቱ አለቀ። ያለቀው ከመጋዘን ነው። ለአንድ ሰው ዓመት ሙሉ የሚበቃ ክኒን ማንም አላቀደም ነበር። በግል ለመግዛት አቅም የለም። ሁለት ወር ተኩል ያህል ባዶ እጃቸውን ቆዩ። ሲመለሱ ጠርዙ ላይ እነዚያ ጥቁር ነጠብጣቦች እንደገና ወጥተዋል። ፋቅኳቸው። ፖታሽ ጨመርኩ። ጠበቅኩ። የመዳብ ሳንቲሞቹ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አሉኝ። «አይደሉም አባባ» አልኳቸው። ሌላ የምላቸው አጣሁ።

ክቡራን፣ ይህን መድኃኒት ስትገዙ በካርቶን አትቁጠሩት። በሰው ቁጠሩት። አንድ ታማሚ ሲጀምር የዓመቱ ሙሉ ድርሻ በስሙ ይቀመጥለት። አራት ወር ሰጥቶ ማቋረጥ ሰውየውን ለማሳዘን ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም። ታማሚዎቹ ጥቂት ናቸው ካላችሁ ደግሞ፣ ለጥቂት ሰው ዓመት ሙሉ ማቀድ ይቀላል እንጂ አይከብድም።

ለምታስተምሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ተማሪዎቻችሁ ከመመረቃቸው በፊት እነዚህን ሕዋሳት አንድ ጊዜ በዓይናቸው ይዩ። ፎቶም ቢሆን። በመጽሐፍ አንድ አንቀጽ ያነበበ ሰው ይረሳል፤ ያየ ሰው አይረሳም። የቆዳ ቁስል ታሪክ ሲወስዱም አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ምን ወጋህ?» የሁለት ዓመት፣ የአምስት ዓመት ነገር ቢሆንም ይጠይቁ። ሰው እሾሁን ያስታውሳል። የማያስታውሱም አሉ፤ ይህ ግን ላለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም።

ቁስል ይዛችሁ ለምትንከራተቱ ደግሞ ይህን ልበላችሁ። እሾህ ወይም ስንጥር ወግቷችሁ በቦታው ላይ የማያም ነገር ካደገ አትጠብቁት። «አያምም» ማለት «ቀላል ነው» ማለት አይደለም። ሐኪማችሁን «ፈንገስ ይታይልኝ» በሉት። መብታችሁ ነው። ከመፋቁ በፊት ላዩን ቅባት አትቀቡት፤ ማየቱን ይከለክለኛል። መሬት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የተሸፈነ ጫማና ጓንት ብታገኙ አድርጉ። አውቃለሁ፣ ሁሉም አያገኝም። ቢያንስ የተወጋችሁበትን ቦታ ወዲያው በሳሙና ታጠቡትና እሾሁን ተሰብሮ እንዳይቀር ተመልከቱ።

አባባ አሁን እንደገና ጀምረዋል። መድኃኒቱ በዚህ ዙር ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ አልተቋረጠም። መሃሉ ጠፍጣፋ ጠባሳ ሆኗል። ጠርዙ ላይ አንዲት ጣት የማታህል ቦታ ቀርታለች። በየወሩ እየመጡ እፍቃለሁ። ባለፉት ሁለት ጊዜ ምንም አላየሁም። ዳኑ ለማለት ግን ገና ነው። መድኃኒቱ ቆሞም ለረጅም ጊዜ መታየት አለባቸው።

የፖታሽ ስላይድ አይቆይም፤ ይደርቃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ያየሁትን በእስክሪብቶ ስዬ ማይክሮስኮፔ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። አዲስ የሚመጡ ልጆች «ይሄ ምንድነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። መጠየቂያው ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ያው ነው። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ እኔ በእጄ ትንሽ ሳጥን እየሠራሁ «ፈንገስ» ብዬ እጽፋለሁ። በየጠዋቱ አንድ ጥራዝ ወረቀት ላይ እንዲህ አደርጋለሁ። ሐኪሞቹ ምልክት ማድረግ ጀምረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱን ስታሳትሙ ሳጥኑን አብራችሁ አሳትሙልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ